የቆረበ አይሮጥም

ምስጋኑ መሮጥ በጀመረበት ዕለት አስታወከ።

ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከተማው ገና ከኋላው ሳይሰወር ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰና ማታ የበላውን ሁሉ አወጣው። ብርቅዬ ባዶ ጀሪካን አዝላ፣ ውሃ ቀጂ መስላ ከበስተኋላው ትመጣ ነበር። ልትስቅ ብላ ፊቱን ስታየው አመድ መስሏል። ይህ ሰው በግንቦት ከአውራጃው ጎረምሶች ቀድሞ ካልገባ ጦር ሜዳ ይወሰዳል። ይህን እያወቀች እንዴት ትስቅ?

"በቃኝ ብርቄ" አለ አፉን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ። "እግዚአብሔር ሲፈጥረኝ ለመቀመጥ ነው።"

"መቀመጡንማ መኪና ላይም ያስቀምጡሃል" አለችው። "በል፣ እስከዚያች ወይራ ብቻ።"

ወይራዋ ሩቅ አልነበረችም። ምስጋኑ ግን እዚያ ሲደርስ ግንዷን አቅፎ ቀረ።

ነገሩ የመጣው በጥር ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ የሻው ሕዝቡን ሰብስቦ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉትን ወጣቶች ስም ሲያስጠራ ዲያቆን ምስጋኑም ተጠራ። አባቱ መሪጌታ ተክለ ሚካኤል ተነሥተው ልጃቸው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መሆኑን ቢናገሩ፣ አብዮቱ ዲያቆንና ገበሬ አይለይም ተባሉ። አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነበረች። በግንቦት የአውራጃው የሩጫ ማጣሪያ ይደረጋል፤ ከፊት የሚገቡት ሦስት ሰዎች በክፍለ ሀገሩ ቡድን ገብተው ደሴ ይቀመጣሉ፤ የቡድን ሰው ደግሞ በዚህ ዙር አይነካም። ያልተመረጠውን፣ የቀረውንም ጭምር፣ ያንኑ ዕለት እንረከባለን ብሎ ጓድ የሻው ስብሰባውን ዘጋ። ማን ይሮጣል ሲባል እጃቸውን ካወጡት መካከል ምስጋኑ ሲታይ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከልጅነቱ ጀምሮ ቅኔ ቤት አጎዛ ላይ ተቀምጦ ያደገ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ዳገት ሲወጣ ሦስቴ የሚያርፍ ሰው ነው።

ያን ቀን ያልሳቀች ብርቅዬ ብቻ ነበረች።

ብርቅዬ የሙት ሚስት ናት። ባሏ በሚሊሺያነት ወደ ምሥራቅ ዘምቶ እዚያው ሲቀር ወለተ ሐና የምትባል ሕፃን ልጅ ጥሎላት ነበር። የመጨረሻ ደብዳቤውን ሰው ነው ያነበበላት፤ የሞቱንም ወረቀት ሰው ነው ያነበበላት። ከእንግዲህ የሚመጣብኝን ነገር በገዛ ዓይኔ ልየው ብላ መሠረተ ትምህርት ገባች። አስተማሪ ሆኖ የተመደበው ምስጋኑ ነበር። አንድ ቀን ደብተሯን አርሞ ሲመልስላት ከእርማቱ ግርጌ አንዲት መስመር አገኘች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስታነብባት አመሸች። "አንቺ በቀረሽ ቀን ክፍሉ ይጨልምብኛል" ትላለች። ብርቅዬ በሕይወቷ ያለ ሰው እርዳታ ያነበበችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ የነበራቸው መተያየት ብቻ ነው። ዲያቆን ቅስና የሚቀበለው ድንግል አግብቶ ሲቆርብ ነው፤ ፈት ያገባ ዲያቆን መቅደስ አይገባም። የመሪጌታ ቤት ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ያለ ካህን ያልዋለ ቤት ነው። ምስጋኑ ደሴ ከገባ በኋላ ሽማግሌ ልኮ አባቱን ሊለምን፣ እስኪፈቀድለት ድረስ ግን እጇን እንኳ ላይነካ ለራሱ ቃል ገብቷል። እናም ያ ሩጫ ለብርቅዬ ሁለት ነገር ነበር። ቢሸነፍ ሞቱን ታይበታለች፤ ቢያሸንፍ ቤቷን። ሁለቱም በአንድ የማይረባ ጥንድ እግር ላይ ተንጠልጥለዋል።

ከንጋት በፊት እየተነሡ መሮጣቸውን ቀጠሉ። እሷ ጀሪካኗን አዝላ ከፊት፣ እሱ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ መስሎ ከኋላ። እስከዚያች ወይራ ትለዋለች፤ ወይራዋ ጋ ሲደርስ እስከዚያ ቋጥኝ ትለዋለች። እየዋሸችው መሆኑን ያውቃል፤ እያወቀ ይታለልላታል። ትንፋሹ ሲያጥርበት ውዳሴ ማርያም በልቡ እንዲደግም መከረችው። የሰኞውን ሳይቆም ከጨረሰ፣ ማግስቱን የማክሰኞውን ይሞክራል። የመንደር ሴቶች ሲያዩት ዝም አላሉም። ካህን ሲሮጥ የታየው ወይ ታቦት ሲሰረቅ ነው ወይ ደግሶ ጠሪ ሲመጣ ነው ይላሉ። አንዷማ ከምንጩ ዳር ቆማ፣ "ዲያቆን፣ የማነው ተዝካሩ? እኛም እንምጣ እንጂ" ብላው ለሦስት ቀን ከቤት አልወጣም።

በአራተኛው ቀን ብርቅዬ ብቻዋን ወጣች። ደጁ ላይ ስትደርስ አልጠራችውም። ኮቴዋን ጮክ አድርጋ፣ ጀሪካኑን እያንኳኳች አልፋው ሮጠች። እሷም ከሱ የተሻለች ሯጭ አይደለችም፤ ጎኗን ይወጋታል፣ ጉሮሮዋ ይደርቃል፣ የአንዲት ሕፃን እናት እንደ ፍየል ስትዘል ቢያዩኝ ምን ይሉኛል እያለች ነው። ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ልትወድቅ ሆነች። ያኔ ከኋላዋ የሸራ ጫማ ድምፅ ሰማች። አልዞረችም። ዞራ ብታየው እንደምታለቅስ ታውቃለች።

ዐቢይ ጾም ገባ። ምስጋኑ እህል የሚቀምሰው ከቅዳሴ በኋላ ወደ ማታ ነውና የሚሮጠው በባዶ ሆድ ነበር። ዓይኑ ጎደጎደ፣ ጉንጩ ሟሟ፣ እግሩ ግን ጠነከረ። አንድ ቀን ወድቆ ጉልበቱ ደማ። የደማ ሰው ቤተ መቅደስ አይገባምና እሑድ ሳያገለግል ሲቀር አባቱ ጠይቀው ከማን ጋር እንደሚሮጥ አወቁ። መሪጌታ ብዙ አልተናገሩም። እግር ለመቆሚያ ነው የተሰጠህ፣ በእግዚአብሔር ፊት ለመቆሚያ፤ ብለው ፊታቸውን አዞሩበት። ስለ ብርቅዬ አንድም ቃል አላነሡም። ያ ዝምታቸው ከስድብ ይልቅ አስፈራት።

ፋሲካ አለፈ። የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ቀረ። መንገዱ ዱቄት ሆነ፤ የሚሮጡበት ቦታ ሁሉ አቧራው ከኋላቸው ተነሥቶ ሳይወርድ ይቆያል። ብርቅዬ አንዳንዴ ዞር ብላ አቧራውን ስታየው አንድ የማታውቀው ሰው የሚከተላቸው ይመስላታል። ምስጋኑ ግን አሁን ነአኩቶ ለአብ ደርሶ ሳይቆም ይመለሳል። ከከተማው ጎረምሶች ጋር ሲለማመድ ሁለቱን ብቻ ከፊቱ አድርጎ ገባ። የዚያን ዕለት ከብርቅዬ ጋር ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ሁለቱም ቶሎ አላቀረቀሩም።

ማጣሪያው እሑድ ሊሆን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሸራ የለበሱ መኪኖች መጥተው ሩጫው የሚጀመርበት ሜዳ ዳር ቆሙ። ሾፌሮቹ ጥላው ሥር ተኝተዋል። ማንም ምን ልታደርጉ መጣችሁ ብሎ አልጠየቃቸውም።

ብርቅዬ መኪኖቹን አየች። ባሏ የሄደው እንዲህ ባለ መኪና ነው። ያን ጊዜ ሳይሳለም፣ ጠበል ሳይጠጣ ነበር የሄደው፤ ስለዚህ ነው የቀረው ብላ ታምናለች። ምስጋኑ ሜዳው አጠገብ ዘመዱ ቤት አድሮ እግሩን ማሳረፍ ፈልጎ ነበር። እሷ ግን ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ወጥተህ፣ ጠበሏን ጠጥተህ፣ በመስቀል ተባርከህ ካልወረድህ አይሆንም አለች። ሲነጋ ወጥቶ ለሩጫው ይደርሳል፣ ቁልቁለቱን መውረድ ለሱ አሁን ምንም አይደለም፤ ጠበል ሳይጠጣ እህል እንዳይቀምስ፣ እሷ ዳቦ ይዛለት እንደምትመጣ አከታትላ ነገረችው።

ምስጋኑ ዓይኑን ከመኪኖቹ ወደ እሷ መለሰ።

"በእግሬ አታምኚም ማለት ነው" አለ።

"በማርያም አምናለሁ ነው ያልሁህ።"

"እሺ" ብሎ ሄደ። እሺታው እንደ ድንጋይ ከበዳት። መልሳ ልትጠራው አሰበችና ነገ ሲያሸንፍ ይረሳዋል ብላ ተወችው።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ወለተ ሐናን ጎረቤት ዘንድ አስቀምጣ ዳገቱን ወጣች። ዳቦውን በነጠላዋ ቋጥራ ከብብቷ ሥር ይዛዋለች፤ ሙቀቱ ጎኗ ድረስ ይሰማታል። አሸተን ስትደርስ ምስጋኑ ቀድሟት ቤተ ክርስቲያኑ ከተፈለፈለበት ዐለት ሥር ቆሟል። ደወል መደወል ነበረበት፤ አልተደወለም። ቅጽሩ ውስጥ ከሌሊት ጀምሮ የመጡ ጥቂት ምእመናን በጸጥታ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ እግር እናት ሕፃን ታቅፋ ትወዛወዛለች። አርባ ቀን የሞላው ወንድ ልጅ ነው፤ ሊጠመቅና ሊቆርብ ከሩቅ ቀበሌ ነው የመጣው። ትኩሳት ይዞታል። ሲያለቅስ ድምፁ እንደ ድመት ግልገል ቀጥኗል።

የደብሩ አለቃ አባ ከፋለ ወጡና ምእመናኑን ይቅርታ ጠየቁ። ቅዳሴ ያለ አምስት ልኡካን አይቀደስም፤ ሁለቱ ካህናትና ሁለቱ ዲያቆናት አሉ፤ ሦስተኛው ዲያቆን ግን መኪኖቹን አይቶ ማታውን ወደ ገደል ወርዶ ተደብቋል። ሰው ልከው አጥተውታል። ቅዳሴ ከሌለ ቁርባን የለም።

የሕፃኑ እናት የልጇን ራስ በነጠላዋ ሸፈነችና መወዛወዟን ቀጠለች።

አባ ከፋለ ሊመለሱ ሲሉ ዓይናቸው ከዐለቱ ሥር አረፈ።

"ምስጋኑ? የመሪጌታ ልጅ አይደለህም?"

"አዎ፣ አባታችን" አለና መስቀል ተሳለመ።

ብርቅዬ ያን ጊዜ ገባት። የሚቀድስ ይቆርባል። የቆረበ ደግሞ አይሮጥም፤ ወንዝ አይሻገርም፣ አይተፋም፣ ላብ አያፈስም፣ እንቅፋት እንኳ እንዳይመታው እየተጠነቀቀ አፉን ሸፍኖ ይውላል። ምስጋኑ ዛሬ መቅደስ ከገባ ሩጫው የለም። ሩጫው ከሌለ ከታች ያሉት መኪኖች አሉ።

አባ ከፋለም ዛሬ እንደሚሮጥ ያውቁ ነበር። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ወደ ሕፃኑ ተመለከቱ፣ ወደ ምስጋኑ ተመለከቱ፣ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ አላስገድድህም። ከትናንት ወዲህ እህል ከቀመስህ መቼም መግባት አይቻልህም። የቀመስህ እንደ ሆነ በሰላም ውረድ፤ ማንም አይወቅስህም። ቀምሰሃል?"

ምስጋኑ ቀና ብሎ ብርቅዬን አያት።

ያ አስተያየት ሁሉን ነገር ይናገር ነበር። በእጅሽ ነው ይላል። ዳቦው ብብትሽ ሥር ነው፤ አንድ ቃል ተናገሪ፣ ወይም ዝም በይ፣ እኔ ቀምሻለሁ ልበል፤ እንደምትወጂኝ አውቃለሁ፤ የትኛውንም ብትመርጪ አልፈርድብሽም። ብርቅዬ ዳቦውን አጥብቃ ያዘችው። አፏ ውስጥ ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር። ጠዋት አበላሁት፣ ይኸው ፍርፋሪው፤ ለማለት ምላሷ ተነሥቶ ነበር። አባ ራሳቸው በሩን ከፍተውላቸዋል። ማን ያውቃል?

ሕፃኑ አለቀሰ።

ወለተ ሐናን ታቅፋ እንዲህ ባለ ቅጽር ቆማ እንደነበረ ትዝ አላት። ልጄ ሳትጠመቅ ብትሞትብኝ ብላ የፈራችበት ንጋት ነበር። ደግሞ ምስጋኑን አሰበች። በእሷ ምክንያት በማርያም ደጅ ዋሽቶ ሮጦ ቢያሸንፍ፣ ደሴ ቢቀመጥ፣ አንድ ቀን ቢያገባትም፣ እንጀራ ባቀረበችለት ቁጥር ይህን ዳቦ ያያል።

"አልቀመሰም፣ አባታችን" አለች። "እንዳይቀምስ የከለከልሁት እኔ ነኝ።"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ልትይዘው ፈለገች። አልተያዘም። ምስጋኑ ለአንድ አፍታ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሸራ ጫማውን ክር ፈታ። ጫማውን ከዐለቱ ሥር አስቀምጦ በአጠገቧ አለፈ። ብርቅዬ ቢሰድባት በወደደች።

ደወሉ ተደወለ።

ብርቅዬ ወደ ውስጥ ለመግባት አልደፈረችም። በደጅ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። "ተንሥኡ" የሚለው ድምፅ ሲወጣ መጀመሪያ የማን እንደሆነ አላወቀችውም። ምስጋኑ ድሮ ሲያዜም ትንፋሽ እያጠረው ቃሉን ሁለት ቦታ ይቆርጠው ነበር። አሁን ድምፁ ከዐለቱ ሆድ ወጥቶ ሳይቆረጥ ረዘመ፣ ረዘመ፣ በገደሉ ላይ ተዘርግቶ ቀረ። አሮጊቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ብርቅዬ ግን ያ ትንፋሽ ከየት እንደመጣ ታውቃለች። ከዳገቱ ነው የመጣው፤ ከአቧራው፣ ከጾሙ፣ ከሐሰተኛዋ "እስከዚያ ብቻ" ነው። እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ፤ ኩራትና ሐዘን ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ያን ጊዜ አየች።

ሕፃኑ ተጠመቀ፣ ቆረበ። ከታች፣ ከሩቅ፣ ፊሽካ ተሰማ። ከዚያ የሰው ጩኸት። በነአኩቶ ለአብ መንገድ ላይ አንዲት ቀጭን የአቧራ መስመር ተነሥታ ስትሄድና ስትመለስ አየች። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። ጸጥታው እስከ ተራራው ራስ ድረስ ወጣ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ምስጋኑ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ወጣ። የሕፃኑ እናት ጉልበቱን ለመሳም ጎንበስ ስትል አስነሣት። ከዚያ መጥቶ ከብርቅዬ ጥቂት ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

"በእግርህ አምን ነበር" አለች ብርቅዬ። "ያላመንሁት በዕድሌ ነው። የምወደው ሁሉ ስለሚሄድብኝ ነው እዚህ ያመጣሁህ። ጎትቼ ያመጣሁህ እኔ፣ ፈርጄ ያስገባሁህ እኔ።"

"ትናንት ተቆጥቼብሽ ነበር" አለ። ከጋቢው ሥር ድምፁ የታፈነ ነው። "ዛሬ ግን አባ ሲጠይቁኝ መዋሸት ፈልጌ ነበር፣ ብርቄ። አጥብቄ ፈልጌ ነበር። አፌ እምቢ ስላለኝ ነው ወደ አንቺ ያየሁት። ሸክሙን ጣልሁብሽ። አንቺ ነሽ ይቅር የምትይኝ።"

"ያ ሁሉ ሩጫ ግን?"

"ለደሴ ብዬ የሮጥሁት የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ ነው።" ዓይኑን ወደ ገደሉ አደረገ። "በየጠዋቱ ልተወው እያልሁ እነሣለሁ። በየጠዋቱ። ከዚያ ጀሪካንሽ በደጄ ሲያልፍ እሰማለሁ። ሌላ ነገር አልነበረም።"

ብርቅዬ መልስ ልትሰጥ ስትል ከቁልቁለቱ ላይ ጠጠር ሲንከባለል ሰማች። ጎንበስ ብላ አየች። ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በቀጭኑ መንገድ እየወጡ ነው። አንዱ ቆሞ ላቡን ጠረገና ሽቅብ ተመለከተ። ከማጣሪያው የቀረውን ሰው ፍለጋ እንደመጡ ለመረዳት መጠየቅ አያስፈልግም።

ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወስድ የፍየል መንገድ አለ። እነዚህ ሰዎች ገና እዚህ ሳይደርሱ ነው ትንፋሻቸው ያለቀው።

"በጀርባ በኩል ሩጥ" አለችው በሹክሹክታ። "አሁን ማን ይደርስብሃል? ሩጥ፣ ምስጋኑ።"

ምስጋኑ ተነሣ። ለአንዲት ቅጽበት እግሩ እንደ ተወጠረ አየች፤ እሷ የሠራችው እግር፣ መሄድ የሚችል፣ ተራራውን ተሻግሮ ሊያመልጥ የሚችል እግር ነው። ከዚያ ላላ።

"የቆረብሁ ነኝ" አለ። "ባልቆርብስ? እኔ ብሄድ አባቴን ነው የሚወስዱት። የሚንቀጠቀጥ ጉልበታቸውን ይዘው መኪና ላይ ሲሰቀሉ አስቢው።"

ልትለምነው ፈለገች። እሱ ግን በጋቢው የተጠቀለለ እጁን ዘረጋላት። ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ጨርቅ በመካከላቸው እንዳለ፣ ጣቷን በጣቱ ያዘ። እጁ ሞቃት ነበር።

"ለአባቴ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ ከመሄዴ በፊት" አለ። "ከተመለስሁ ማንን እንደማገባ። መቅደሱን ዛሬ ተሰናብቼዋለሁ፤ አንቺን ግን አልሰናበትሽም።"

መንገዱን ጀመረ። የሚፈስ ነገር እንደተሸከመ ሰው፣ እንቅፋት እንዳይመታው ድንጋዩን እየመረጠ፣ እግሩን እያነሣ እያስቀመጠ ወደ ሰዎቹ ወረደ። ጀርባው እንደ ድሮው አልጎበጠም። ብርቅዬ ከኋላው ተከተለች። ፈጠን በል እያለች ወራት ሙሉ የነዳችው ሴት አሁን የምታየው ተረከዙን ብቻ ነበር። አንዱ ተረከዝ ከመሬት ባይነሣ፣ ከተነሣም ባያርፍ ትመኛለች።

"ቀስ በል" አለችው።

"ቀስ እያልሁ ነው፣ ብርቄ" አለ ሳይዞር።

አሸተንን መውጣት ምን ያህል እንደሚያለፋ ከልጅነቷ ታውቃለች። ቁልቁለቱ ይህን ያህል አጭር መሆኑን ግን እስከዚያ ቀን አላወቀችም ነበር።